ከከፋዩ ሥር

ስመኝ የገመዱን ጫፍ ከአዳራሹ መስኮት ብረት ጋር አስራ ብርድ ልብሱን ስትዘረጋው፣ ከመሀሉ ቀይ ከፋይ አፈጠጠባት።

እሷ መሀሉ ላይ ያስቀመጠችው አረንጓዴ ነበር። ነጫጭ አበባ ያለባት፣ ከመታጠብ ብዛት የሳሳች፣ መሀረብ የምታህል አረንጓዴ ጨርቅ። ሁለት ወር ሙሉ የለፋችው ለእሷው ነው። ከመካነ ሰላም ከተማ ልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ እየለመነች፣ እያጠበች፣ እየተኮሰች፣ አራት ማዕዘን እየቆረጠች ዙሪያዋን ያጀበችላት ለእሷው ነው። ዛሬ በባዛሩ ቀን፣ እንግዳ ከሰዓት ሊገባ፣ በአረንጓዴዋ ቦታ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ የመሰለ ቀይ ከፋይ ጉብ ብሎ ተቀምጧል። ስፌቱ የእጅ ነው፤ ደቃቅና የተጠጋጋ። ይህን ስፌት ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ብትዳስሰው ታውቀዋለች። የእናቷ የእቴቴ በዛች ነው።

«ምነው ደርቀሽ ቀረሽ?» አለ ከጎኗ ያለውን ጠረጴዛ የያዘው አህመዲን። አህመዲን የባና ሸማኔ ነው። ከበግ ጠጉር የሠራቸውን ባናዎች ደራርቦ ከኋላቸው ቁጭ ብሏል። እጁ ሥራ ሲፈታ አፉ ሥራ ይይዛል።

«እቴቴ ሸፈኑብኝ።»

«ምኑን?»

«መሀሉን! ከትናንት ወዲያ አጥፌ ሳጥን ውስጥ ሳስገባው አረንጓዴ ነበር። ትናንት እኔ እዚህ አዳራሽ ስጠርግ ውዬ፣ እሳቸው ይኸው ሠሩልኝ።»

«እና ምን አለበት? ቀይ ያምራል።»

«አህመዲን፣ ብርድ ልብሱ የተሠራው እኮ ከሥር ላለችው ጨርቅ ነው!»

«አብሽሪ» አለ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እየተመለከተ። «ወላሂ ከፋዩ ነው ያሳመረው። ያለሱ ድሪቶ ነው የሚመስል።»

ድሪቶ። ሁለት ወር ሙሉ ያልተለያት ቃል። በዚህ አገር ቁርጥራጭ ጨርቅ ተጣጥፎ ሲሰፋ ስሙ ያው አንድ ነው፤ የሚለብሰውም ያጣ የነጣ ድሃ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ቁርጥራጭ ስትለምናቸው «ለትራስ መሙያ ነው?» ይሏታል። «ለብርድ ልብስ ነው» ስትላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። ሰባት ዓመት ሪያድ ኖራ የመጣች ሴት፣ የስፌት መኪና ያላት ሴት፣ ድሪቶ ልትሰፋ! ጎረቤቶቿም ፊቷ ላይ «ጎበዝ» ብለው ዞር ሲሉ የሚሉትን ታውቃለች። ይበሉ። እሷ የምታውቀውን እነሱ አያውቁም።

የምታውቀው እንዲህ ነው። ሪያድ በሠራችበት ቤት የእመቤቲቱ እናት አሮጊት ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ጋብ ሲል ስመኝን አጠገባቸው አስቀምጠው ቁርጥራጭ ያሰፏት ነበር። የሞቱ ባላቸውን ሸሚዝ ከመሀል አድርገው፣ ዙሪያውን በአዳዲስ ጨርቅ አጅበው፣ አልጋቸው ላይ አነጠፉት። የመጣ እንግዳ ሁሉ ያየዋል፤ አሮጊቷም ለመጣው ሁሉ የባላቸውን ነገር ይናገራሉ። ስመኝ ያን ቀን በልቧ ያዘችው። ያረጀ ጨርቅ አገሯ ሲሆን ለወለል መወልወያ ነው፤ እዚያ ግን ከመሀል ተቀምጦ ይከበራል።

አረንጓዴዋ ጨርቅ የስመኝ የራሷ ቀሚስ ነበረች። የልጇ የሄለን አባት ወንድዬ ለሥራ ብሎ ወደ መተማ ወርዶ እንደወጣ ቀርቷል። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሲሞላት ስመኝም ለእናቷ ትታት ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ ቀሚሷ ግድግዳው ላይ ተሰቅላ ቀረች። ሄለን ቀሚሷን ካላቀፈች አልተኛም አለች። ቀሚሷ ስትቀደድ እቴቴ በዛች ደህና ደህናውን እየቆረጡ ሰጧት፤ ከዓመት ዓመት እያነሰች መጥታ መሀረብ አከለች። በስልክ «ቀሚስሽን ታቅፋ ነው እኮ የምትተኛው» ሲሏት ስመኝ መታጠቢያ ቤት ገብታ ታለቅስ ነበር። ሰባቱን ዓመት አበርትቶ ያቆማትም ይኸው ወሬ ነው።

ከዚያ መጣች። መጣችና ምን አገኘች? ሄለን አያቷን «እማ» ትላለች። እናቷን ምን ብላ እንደምትጠራት ሳታውቅ ግን ሁለት ዓመት አለፈ፤ ስትፈልጋት አጠገቧ መጥታ ትቆማለች እንጂ አትጠራትም። በአንድ ክፍል፣ ጎን ለጎን በተዘረጋ አልጋ ይተኛሉ። ልጅቷ መብራት ሲጠፋ ትራሷ ሥር እጇን ሰድዳ ጨርቋን ስትስብ ስመኝ ትሰማለች። ቀሚሷን ያቀፈች ልጅ ባለቀሚሷን አታቅፍም። ሰው በገዛ ቀሚሱ ይቀናል? ስመኝ ቀናች።

ብርድ ልብሱን ያሰበችው ያኔ ነው። ጨርቋን ከመሀል አድርጋ፣ ሰው ሁሉ እንዲያደንቃት አሳይታ፣ ከባዛሩ መልስ ሄለን አልጋ ላይ ልታነጥፈው። ልጅቷ ያን ጊዜ ገብቷት «ይሄ ለካ ያንቺ ነው» ትለኛለች ብላ ነው። አንድ ማታ እራት ላይ ጨርቋን ጠየቀቻት። ሄለን አያቷን አየች፣ እናቷን አየች፣ ከትራሷ ሥር አውጥታ «ውሰጂው» አለቻት። ስመኝ ያን ማታ ደስታ እንቅልፍ ነሳት።

እና አሁን ቀይ ከፋይ!

«ስመኝ!» የባዛሩ አስተባባሪ አቶ እንዳልካቸው ማይክሮፎን ሲፈልግ ከወዲያ ጥግ አያት። «የታለች የነገርሽኝ አረንጓዴ? ከሰዓት እንግዶች ይመጣሉ፣ ተማሪዎችም ይመጣሉ። ታሪኩን አንቺ ነሽ የምትነግሪያቸው፤ ‹የእናት ቀሚስ› ብዬ አስጽፌልሻለሁ።»

«ትመጣለች» አለች ስመኝ፣ ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ እየነጠቀች። «አህመዲን፣ ዕቃዬን እይልኝ።»

ባጃጅ አላገኘችም። ሦስቱ ሞልተው አለፏት፣ አራተኛው የዋጋ ነገር ሲጀምራት ትታው በእግሯ ሄደች። የኅዳር ነፋስ የነጠላዋን ጫፍ ፊቷ ላይ እየጣለባት፣ አቧራውን ወደ ዓይኗ እየነዳባት፣ ዳገቱን ወጣች። መንገድ ላይ ለእናቷ የምትናገረውን ደረደረች። ብዙ ደረደረች።

እቴቴ በዛች ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«እቴቴ፣ ምን አደረጉብኝ?»

«ደህና ዋላችሁ አይባልም?»

«ደህና ዋሉ። ምን አደረጉብኝ?»

«ሸፈንኩት።»

«ለምን?»

እቴቴ በዛች አንዲት ጠጠር ከምስሩ አውጥተው ወረወሩ። «የከበረ ነገር ይሸፈናላ። ታቦት ተገልጦ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሥዕሉ እንኳ መጋረጃ አለው። ሕፃን ልጅስ ቢሆን ከዓይን ይሸፈን የለም? አንቺ ገልጠሽ ገመድ ላይ ልትሰቅይው፣ መጪው ሂያጁ ሊያፈጥበት።»

«ይታይ ብዬ እኮ ነው የሠራሁት! ሰው እንዲያየው!»

«ሰው ምን ሊያደርግለት?»

ስመኝ የደረደረችው ሁሉ ጠፋባት። አንቱ ያሏትን እናት መቆጣት እንዴት እንደሚያቃጥል የደረሰበት ያውቀዋል። ቁጣው ከሆድ ትኩስ ይነሣል፣ አፍ ላይ ሲደርስ «እርስዎ» የሚባል ደፍ አለ፣ እዚያ ይደናቀፋል። ሄለን ብትሆን አያቷን «አንቺ» ብላ ጮኻባት ወዲያው ታቅፋት ነበር። ስመኝ እንዲህ ያለ ዕድል የላትም።

«ድሪቶ አሏት ብለው አፍረው ነው» አለች በመጨረሻ። «በኔ አፈሩ።»

«እኔ?» እቴቴ በዛች አሁን ቀና አሉ። «እኔ ድሪቶ ለብሼ ነው አንቺን ያሳደግኩሽ። አባትሽ ሲሞት ምን ነበረኝ? በድሪቶ የማፍር ሴት አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው ያፈረው?»

አሮጊቷ መልሰው ወደ ምስራቸው አጎነበሱ።

«ከፋዩ ለኪዳነ ምሕረት የተሳልኩት ነው» አሉ። «ከስለቴ ላይ ቆርጬ ነው ያለበስኳት። ይኸን ዕወቂልኝ። ሌላውን ሆድ ይፍጀው።»

ስመኝ ግን የምትሰማበት ጆሮ አልነበራትም። ቤት ገብታ ከስፌት መኪናው መሳቢያ ምላጭ አወጣች፤ ሌላው ስፌት ቢበጠስብኝ ብላም መርፌና እጇ የገባውን ቀይ ክር አብራ በወረቀት ጠቀለለች። ስትወጣ እናቷ ከኋላዋ ተጣሩ።

«ስመኝ! ልጅቷን ሳትጠይቂ እንዳትተረትሪው!»

«ጠይቄያታለሁ! ውሰጂው ብላኛለች!»

አዳራሹ ስትመለስ ሰው መግባት ጀምሯል። ማይክሮፎኑ ይጮኻል፣ መብራቱ ይሄዳል ይመጣል። አንዲት ሴት የብርድ ልብሱን ጠርዝ በሁለት ጣቷ ይዛ «ስንት ጨርቅ ነው የፈጀው?» ብላ መልሱን ሳትሰማ አለፈች። ሌላዋ ለጓደኛዋ ጆሮ ስታንሾካሹክ ስመኝ አንዲቱን ቃል ለይታ ሰማቻት። ምን ቃል እንደሆነች መናገር አያሻም።

ምላጩን አወጣች።

«ኧረ በአላህ» አለ አህመዲን። «እናትሽ የሰፉትን በምላጭ?»

«በጥርሴ ልተርትረው?»

«ሳይሻል አይቀርም፤ ቀስ ይላል።»

አልሳቀችም። የእናቷ ስፌት ድርብ ነበር፤ አንዱ ሲበጠስ ከሥሩ ሌላ አለ። ምላጩ ጨርቋን እንዳይነካባት እየፈራች፣ የከፋዩን አንድ ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረተረችው። ከፋዩ በዚያ በኩል ላላ። ከሥሩ የአረንጓዴዋ ዳር፣ አንዲት ነጭ አበባ ብቅ አለች። ስመኝ በጣቷ ነካቻት። ወደ ሁለተኛው ጎን ልታልፍ ምላጯን አስተካክላ ያዘች።

በሩ ላይ ጫጫታ ሆነ። ተማሪዎቹ መጡ፤ ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ ሁለት ሁለት ተያይዘው፣ መምህራቸው ከፊት። ሄለን ከሰልፉ መጨረሻ ነበረች። የእሷ ክፍል እንደሚመጣ ለስመኝ ማንም አልነገራት።

ልጆቹ ሰልፉን ትተው ተበተኑ። አራት ሴት ልጆች ወደ ብርድ ልብሱ ሮጡ።

«ድሪቶ! ድሪቶ ተሰቅሏል!»

«ዝም በይ፣ የሄለን እናት ናት እኮ።»

«ምን እያደረገች ነው? ከውስጥ ምን አለ?»

አቶ እንዳልካቸውም ሁለት እንግዶች አስከትሎ ደረሰ። ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ይበልጥ ደስ ያለው እሱ ነበር። «እንግዲህ ይቺ ልዩ ናት» አለ። «ልጆች ቀረብ በሉ። ስመኝ፣ እስኪ የእናት ቀሚስ ያልሽውን ግለጪና አሳዪያቸው።»

ሁለት ወር የጠበቀችው ቃል ይኸው ነበር። ስመኝ ምላጩን ወደ ስፌቱ አስጠጋች።

ያን ጊዜ ከብርድ ልብሱ ጀርባ አንድ እጅ ወጥቶ ቀሚሷን ጎተታት።

ጎንበስ ብላ ወደ ኋላ አየች። ሄለን በብርድ ልብሱና በግድግዳው መካከል ተሸጉጣ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አትክፈቺው» አለች በሹክሹክታ።

«ለምን?»

«እኔ ነኝ። እማን ሸፍኚልኝ ያልኳት እኔ ነኝ። ቲቸር ክፍላችን ባዛር ይሄዳል ሲለን።»

«አንቺ እኮ ውሰጂው አልሽኝ!»

«እማ ፊት ጠየቅሽኛ! ምን ልበልሽ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እውነት ነው። ልጅ ታላቅ ፊት ተለምኖ እምቢ እንደማይል ይህ አገር ሁሉ ያውቃል፤ ስመኝም ያደገችው እንዲሁ ነው። ሰባት ዓመት ረስታው ኖረች ወይስ ሊገባት አልፈለገችም?

«ልጆቹ ካወቁ ጡጦ ነው የሚሉኝ» አለች ሄለን። እንባዋ አልወረደም፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን ነበረ። «ጨርቅ ታቅፋ ነው የምትተኛው ይሉኛል። ደግሞ የኔ ነው። የሚታይ አይደለም።»

የኔ ቀሚስ እኮ ነው፤ ስመኝ ምላሷ ላይ የመጣው ይህ ነበር። ለሁለት ዓመት ስታብላላው የኖረችው ነገር ነው። ልትለው አፏን ከፈተች። የልጅቷ እጅ አሁንም ቀሚሷን ጨብጦ ነበር፤ ዛሬ የለበሰችውን፣ ቡናማውን፣ ምንም አበባ የሌለበትን። አፏን መልሳ ገጠመች።

«ስመኝ?» አለ አቶ እንዳልካቸው ከወዲያ።

ቀና አለች። ምላጩን በመዳፏ ውስጥ ደበቀች።

«ከፋይ ነው» አለች።

«አዎ፣ ከሥሩ ያለውን…»

«ከሥሩ ጥጥ ነው። እንደ ሌላው ብርድ ልብስ።»

«የእናት ቀሚስ ያልሽኝ…»

«ተሳስቼ ነው። እናቴ ለስለት ከገዙት ከፋይ ቆርጠው ሰጥተውኝ ነው። ታሪኩ ይኸው ነው።»

አቶ እንዳልካቸው ያስጻፈውን ወረቀት አየ፣ እሷን አየ። እንግዶቹ «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ብለው ወደ ሰፌዶቹ አለፉ። ከሴት ልጆቹ አንዷ «በቃ ድሪቶ ነው» አለች፤ ሌሎቹም ተከትለዋት ሄዱ። አህመዲን ሁሉን ሰምቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ ሥራ ፈታ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ልጆች፣ ኑ ወዲህ!» አለ። «ባና ነክታችሁ ታውቃላችሁ? ኑ፣ ብርድ የማያውቀው እሱ ነው!» ልጆቹ ወደ እሱ ጎረፉ።

ስመኝ ተናደደች። ሁለት ወር የለፋችበት ነገር ሁለት ቃል ሳይባልለት ታለፈ፤ ስሙም እንደፈራችው ድሪቶ ሆኖ ቀረ። ያልተናደደች መስላ ለመታየት የገመዱን ቋጠሮ ጠበቅ ጠበቅ አደረገች። ንዴቷ ግን የሚያርፍበት ሰው አጣ። እናቷ ላይ እንዳታሳርፈው ከስለታቸው ቆርጠዋል፤ የልጅቷንም ምሥጢር በሆዳቸው ይዘዋል። ልጅቷ ላይ እንዳታሳርፈው ልጅቷ ከብርድ ልብሱ ጀርባ ቆማ ቀሚሷን ይዛለች።

ወረቀቱን ፈትታ መርፌውን አወጣች። ቀዩን ክር በምራቋ አሹላ ከተተችና የተረተረችውን ጎን ከላይ ጀምራ መልሳ መስፋት ጀመረች። የእናቷን ያህል ደቃቅ አልሆነላትም። ነጯ አበባ ከከፋዩ ሥር ገባች። ግማሹን ስትደርስ መርፌው ቆመ።

«እጅሽን አምጪ» አለች ወደ ኋላ።

«ለምን?»

«አምጪ እስኪ።»

ሄለን በብርድ ልብሱ ዳር አንገቷን ብቅ አድርጋ የክፍሏን ልጆች ፈለገች። ሁሉም አህመዲን ጠረጴዛ ላይ ተረባርበው ባና ይዳስሳሉ። እጇን ዘረጋች። ስመኝ አንጓዋን ይዛ ጣቶቿን ባልተሰፋው በኩል ከከፋዩ ሥር አስገባቻቸው። እጅዋ እስከ አንጓዋ ገብቶ አረንጓዴዋን አገኘ።

ስመኝ አንጓዋ የደረሰበትን አየች። እዚያው ላይ አንድ ጊዜ ወጋች፣ ደግማ ወጋች፣ ቋጠረች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰፋችውም።

«አልጋሽ ላይ ስታነጥፊው ክፍቱን በትራስጌ በኩል አድርጊው» አለቻት።